ሚዛኑን ሊያቃና የተነሣ ሰው
የፕሮፌሰር ኢርቪንግ ፊሸር ሕይወትና ሥራ

ገበያ ውላ የተመለሰች ሴት ሁልጊዜ የምትናገረው አንድ ነው፤ ጤፍ ተወደደ፣ በርበሬ ተወደደ፣ ቅቤማ የሚቀመስ አልሆነም። ብሩ ረከሰ ስትል ግን አትሰማም። ብሩ ያው ብር ነው፤ መልኩም ቁጥሩም ትናንት እንደነበረው ነው። ስለዚህ የተለወጠው ዕቃው እንጂ ገንዘቡ አይመስልም። በዚህ ጉዳይ በመኝታ ክፍላችን ከአንድ ሌሊት በላይ ተከራክረናል። ክርክሩ ወደ ቤተ መጻሕፍት መራን፤ በዚያም ይህንኑ አንድ ስሕተት ከሰው ልብ ለማውጣት ዕድሜውን ሙሉ ሲደክም የኖረ የአንድ አሜሪካዊ መምህር ታሪክ አገኘን። ስሙ ኢርቪንግ ፊሸር ይባላል። የኤኮኖሚክስ ተማሪዎች ስሙን ከአንድ ቀመር ጋር አያይዘው ያውቁታል። እኛ የአርትስ ተማሪዎች ግን ከቀመሩ ይልቅ ሰውየው ስለ ሳበን ሕይወቱን ለመጻፍ ደፈርን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ፊሸር በ1867 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ግዛት ሶገርቲስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የኮንግሬጌሽናል ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበሩ፤ ልጁም ለሰው የሚጠቅም ነገር ሳይሠሩ መኖር ነውር መሆኑን እየሰማ አደገ። በ1884 ዓ.ም. ዬል ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ሲሰናዳ አባቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። የ17 ዓመቱ ወጣት እናቱንና ታናሽ ወንድሙን ለመርዳት ሌሎች ተማሪዎችን እያስጠና ተማረ። እንዲህ የሚማር ሰው በመካከላችን ስንት እንዳለ አንባቢ ያውቃልና ችግሩን አንዘረዝረውም። በ1888 ዓ.ም. የክፍሉ አንደኛ ሆኖ ተመረቀ።

ልቡ ያዘነበለው ወደ ሒሳብ ነበር። ከታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ከዊላርድ ጊብስ ሒሳብን፣ ከዊልያም ግራሃም ሰምነር ደግሞ የኅብረተሰብንና የኤኮኖሚን ነገር ተማረ። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ቢያቅተው ሰምነር ሁለቱን አጋብቶ እንዲጽፍ መከሩት። እንደተመከረውም በ1891 ዓ.ም. ስለ ዋጋ በሒሳብ መንገድ የተጻፈ የምርምር ድርሰት አቅርቦ የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ። ይህም ዬል በኤኮኖሚክስ የሰጠው የመጀመሪያው ማዕርግ ነው። በድርሰቱ ውስጥ የአንዱ ዕቃ ዋጋ ሲነካ የሌላው ሁሉ እንዴት እንደሚናወጥ የሚያሳይ በውሃ የሚሠራ መኪና ነድፎ ነበር፤ ኋላም በእርግጥ ሠራው። መኪናው ከገንዳ፣ ከቧንቧና ከዘንግ የተገጣጠመ ሲሆን፣ በአንድ በኩል ሲነኩት ውሃው በሁሉም ውስጥ ከፍና ዝቅ ብሎ አዲስ ሚዛን ይይዛል። ዛሬ በኮምፒውተር የሚደረገውን እሱ በቧንቧ አደረገው ማለት ነው። ይህን መኪና አንድ ቀን ቆመን ብናይ ደስ ባለን።

በ1893 ዓ.ም. የአንድ ባለጸጋ ፋብሪካ ባለቤት ልጅ የነበረችውን ማርጋሬት ሃዛርድን አገባ። ወላጆቿ በኒው ሄቨን ከተማ ትልቅ ቤት ሠርተው ሰጧቸው። የዚህን ቤት ነገር አንባቢ ያስታውስልን፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን። በማግሥቱ ዓመት አውሮፓን ሲጎበኙ ፊሸር በስዊስ ተራራ ላይ ውሃ ወደ ገንዳ ሲወርድና ሞልቶ ሲፈስ አየ። ያን ጊዜ ሀብት ማለት በገንዳው ውስጥ የተጠራቀመው፣ ገቢ ማለት ደግሞ የሚወርደው ውሃ እንደሆነ ታየው ይባላል። በ1906 ዓ.ም. ያወጣው ስለ ሀብትና ስለ ገቢ የሚናገር መጽሐፉ መሠረቱ ይኸው ልዩነት ነው።

ወደ ገንዘብ ነገር የገባው ግን ከዚያ አስቀድሞ ነው። በዚያ ዘመን አሜሪካ ስለ ወርቅና ስለ ብር ገንዘብ ትታመስ ነበር። ዋጋ ለብዙ ዓመታት ሲወርድ ስለቆየ ባለ ዕዳው ገበሬ ተጎዳን፣ ተዘረፍን እያለ ይጮኻል፤ አበዳሪው ደግሞ ውል ውል ነው ይላል። ፊሸር በ1896 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት የወለድን ሁለት መልክ ለየ። አንድ ሰው 100 ዶላር በመቶ 5 ወለድ ቢያበድርና በዓመቱ 105 ዶላር ቢቀበል አተረፈ ይባላል። በዚያው ዓመት ዋጋ ሁሉ በመቶ 5 ጨምሮ ከሆነ ግን በ105ቱ ዶላር የሚገዛው አምና በ100 ይገዛ የነበረውን ብቻ ነው፤ ወለዱ በወረቀት ላይ እንጂ በእጁ የለም። ሰዎች የዋጋውን መለወጥ አስቀድመው ቢያውቁ ኖሮ ወለዱን በዚያው ልክ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጉት ነበር። ችግሩ አለማወቃቸው ነው፤ ቢያውቁም የሚያውቁት ዘግይተው ነው። ዛሬ በማናቸውም የባንክ ትምህርት መጀመሪያ ላይ የሚገኘው ይህ ነገር ያኔ በሚገባ ተብራርቶ አያውቅም ነበር።

በ1898 ዓ.ም. ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ። በዚያው ዓመት አባቱን የገደለው በሽታ እሱንም ያዘው። ዕድሜው 31 ነበር። ሦስት ዓመት ያህል ሥራውን ትቶ ንጹሕ አየር ፍለጋ ወደ ተራራማ አገርና ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ፤ ዳነም። የተመለሰው ሰው ግን የቀድሞው ዝምተኛ የሒሳብ መምህር አልነበረም፤ ሰባኪ ሆኖ ተመለሰ። ስለ ጤና፣ ስለ አመጋገብ፣ መጠጥ ስለመከልከል፣ ስለ ዓለም ሰላም ያልጻፈበትና ያልተናገረበት አዳራሽ የለም ማለት ይቻላል። ከነዚህ ዘመቻዎቹ አንዱን ግን በዝምታ ልናልፈው አንችልም። የሰውን ዘር መርጦ ማራባት ይገባል የሚለውን የዩጀኒክስን እንቅስቃሴ ከመሩት አንዱ እሱ ነበር። ሳይንስ መስሎት በሳይንስ ስም የቆመለት ይህ ነገር ምን እንዳስከተለ ዓለም አይቶታል። ይህን ያህል የቁጥር ጥንቃቄ የነበረው ሰው በዚህ ላይ ጥንቃቄውን ከየት እንደጣለው አይገባንም።

ዋናው መጽሐፉ በ1911 ዓ.ም. ወጣ። ስለ ገንዘብ የመግዛት ኃይል የሚናገር ሲሆን ከላይ የጠቀስነው ቀመር የሚገኘው በዚህ ነው። ነገሩ በቃል ሲነገር ቀላል ነው። በአንድ አገር በአንድ ዓመት የተከፈለው ገንዘብ ሁሉ ከተሸጠው ዕቃ ዋጋ ሁሉ ጋር እኩል ነው። የተከፈለው ማለት ያለው ገንዘብ አንዱ ዶላር በዓመት ስንት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ እንደዞረ ሲባዛ ነው፤ የተሸጠው ማለት ደግሞ የዕቃው ብዛት በዋጋው ሲባዛ ነው። በባንክ ያለው ተቀማጭ ገንዘብም የራሱ ፍጥነት አለውና ፊሸር ለብቻው ቆጠረው። ይህ እንዲሁ ሲታይ የሱቅ መዝገብ ከማመሳከር አይበልጥም፤ የሚከራከርበት ሰው የለም። ክርክሩ የመጣው ከዚህ ቀጥሎ ባለው ላይ ነው። የገንዘቡ ፍጥነት በሰዎች ልማድ፣ የዕቃው ብዛት በአገሩ የመሥራት አቅም የሚወሰኑ ስለሆኑ፣ ገንዘቡ ሲበዛ በመጨረሻ የሚነሣው ዋጋው ነው አለ። ዋጋ ገንዘብን አይጎትትም፤ ገንዘብ ዋጋን ይጎትታል። ተቺዎቹ የዘነጉት አንድ ነገር ግን አለ፤ ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው በሚደረገው ሽግግር ጊዜ ወለድ ወደ ኋላ ስለሚቀር ብድርም ንግድም እንደሚናጋ በዚያው መጽሐፍ ጽፏል። ሃያ ዓመት ቆይቶ ይህ ምዕራፍ በራሱ ላይ ደረሰ።

አሁን ወደ ዘመቻው እንምጣ። ጨርቅ በክንድ በሚለካበት ዘመን ገዥ ረዥም ክንድ ያለው ዘመድ ይዞ ገበያ ይወጣ እንደነበር ሽማግሌዎቻችን ሲያጫውቱን ሰምተናል። ሻጩም ሆነ ገዥው የሚጣሉት ክንድ እንደየሰዉ ስለሚለያይ ነው። ቁናው ዛሬ ሰፍቶ ነገ ቢጠብ እህል የተበደረ ሰው ምን ይሆናል? ፊሸር እንደሚለው ዶላር እንዲህ ያለ ቁና ነበር። የወርቁ ክብደት በሕግ የተወሰነ ነው፤ የሚገዛው የዕቃ መጠን ግን አዲስ የወርቅ ማዕድን በተገኘ ወይም ባንኮች ብድር ባሰፉና ባጠበቡ ቁጥር ይለዋወጣል። ስለዚህ የዶላሩ ወርቅ እንዳለ ይቀመጥ ከማለት የመግዛት ኃይሉ እንዳለ ይቀመጥ ማለት ይሻላል አለ። ዋጋ ሁሉ በመቶ 1 ሲጨምር አንድ ዶላር የሚያስገኘው ወርቅ በመቶ 1 ይጨመርበት፤ ሲወርድ ይቀነስለት። ይህን ሐሳብ በ1920 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ በሰፊው አብራራው፤ በየምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀርቦም ስለ ረጋ ገንዘብ መሰከረ። ባንኮች አልወደዱትም፤ ምክር ቤቱም ሕግ አላደረገው።

ዋጋ ሁሉ ሲባል ግን የትኛው ዋጋ? ጫማ ተወዶ ስንዴ ቢረክስ ምን እንላለን? ለዚህ ፊሸር የዋጋ ኢንዴክስ የሚባለውን የቁጥር ሥራ ወደ ሙያ አሳደገው። በ1922 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ ከመቶ የሚበልጡ ቀመሮችን አንድ ባንድ ፈትኖ ይሻላል ያለውን መረጠ። እሱ የመረጠው ዛሬም በስሙ ይጠራል። ከ1923 ዓ.ም. ጀምሮም የጅምላ ዋጋን ኢንዴክስ በየሳምንቱ ለጋዜጦች ያድል ነበር።

በዚያው በ1922 ዓ.ም. ጀርመንን ጎበኘ። ማርክ እየወደቀ ዋጋ በብዙ እጥፍ የናረበት ጊዜ ነበር። ፊሸር ያገኛቸውን ሰዎች ዋጋ ለምን ናረ እያለ ጠየቀ። ብዙዎቹ ዕቃ ጠፍቶ ነው፣ ጦርነቱ ነው፣ ዶላር ተወዶ ነው አሉት እንጂ ገንዘባችን ወድቆ ነው ያለው ጥቂት ነው። አንዲት ባለ ሱቅ ሸሚዝ ሸጠችለት። በዚያ ዋጋ ያንኑ ሸሚዝ መልሳ ብትገዛ ምንም እንደማይተርፋት እያወቀች፣ ቀድሞ በርካሽ ስለገዛችው አትርፌአለሁ ብላ ታምን ነበር። የተቀበለችው ማርክ ቀድሞ ከከፈለችው ማርክ እጅግ ያነሰ መሆኑን አላየችም። እየከሰረች ትደሰት ነበር። ፊሸር ይህን የገንዘብ ሽንገላ ብሎ በ1928 ዓ.ም. በትንሽ መጽሐፍ ጻፈው። ከመጻሕፍቱ ሁሉ ለእንደኛ ላለ አንባቢ የሚስማማው ይህ ነው።

እስከዚህ ያለው የአንድ ብርቱ መምህር ታሪክ ነው። የቀረው ግን ሌላ ነው።

ፊሸር ፈጣሪም ነበር። የመዝገብ ካርዶች ስማቸው ከላይ እየታየ የሚደረደሩበትን መሣሪያ ሠርቶ በሚስቱ ሀብት እየታገዘ ኩባንያ አቋቋመ። በ1925 ዓ.ም. ኩባንያው ከተወዳዳሪው ጋር ተቀላቀለ፤ ይኸው ድርጅት በ1927 ዓ.ም. ሬሚንግተን ራንድ የሚባለው ትልቅ ኩባንያ ክፍል ሆነ። ፊሸር ባለጸጋ ሆነ፤ ሀብቱ እስከ 10 ሚሊዮን ዶላር ይገመት ነበር ይባላል። በዚህ አልረካም። ከባንክ እየተበደረ ተጨማሪ አክሲዮን ገዛ።

ለምን እንዲህ ተማመነ? ስስት ነው ማለት ይቀላል፤ እኛ ግን ምክንያቱ በሥራው ውስጥ ያለ ይመስለናል። ከ1922 እስከ 1929 ዓ.ም. የጅምላ ዋጋ ኢንዴክሱ ብዙም አልተንቀሳቀሰም። ፌዴራል ሪዘርቭ የሚባለው ማዕከላዊ ባንክ ሳያውጅ የእሱን ምክር እየተከተለ መሰለው። መለኪያው ጸጥ ካለ አገሩም ጤነኛ ነው፤ ፋብሪካውም በአዲስ ጥበብ እያደገ ነው፤ ስለዚህ የአክሲዮን ዋጋ ቢወጣ ይገባዋል። ኢንዴክሱ የስንዴና የብረት ዋጋ ይቆጥራል፤ ሰዎች በምን ያህል ዕዳ እንደተያዙ ግን አይቆጥርም። ዕዳውን ያልቆጠረው ሰው ደግሞ ራሱ ባለ ዕዳ ነበር።

በ1929 ዓ.ም. ጥቅምት ወር አጋማሽ ላይ በኒው ዮርክ በአንድ የእራት ግብዣ የአክሲዮን ዋጋ ከእንግዲህ በማይወርድበት ከፍ ያለ አምባ ላይ የወጣ ይመስላል አለ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ገበያው ተናደ። ፊሸር ግን ነገሩ ያልፋል እያለ በጋዜጣም በመጽሐፍም ሰውን ማጽናናቱን ቀጠለ፤ አክሲዮኑንም አልሸጠም። ዳው ጆንስ የሚባለው የአክሲዮን መለኪያ በ1929 ዓ.ም. መስከረም 381 ደርሶ የነበረው በ1932 ዓ.ም. ሐምሌ 41 ሆነ። የፊሸር ሀብት ጠፋ፤ የባንክ ዕዳው ግን ቆመ። አንድ ጊዜ የዌልስሊ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበረችው የሚስቱ እህት ካሮላይን ሃዛርድ እያበደረች ከመጣል አዳነችው። ያን አምባ ያለውን ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ ማንም አልተወለትም፤ ሌላ ምንም የማያውቅለት ሰው እንኳ ይህን ያውቃል።

በዕዳ ተይዞ፣ በሰው ተስቆበት፣ ዕድሜው 66 ሲሆን የጻፈው ግን ከጻፈው ሁሉ ጥልቅ ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። በ1933 ዓ.ም. ኤኮኖሜትሪካ በተባለው አዲስ መጽሔት የወጣ አጭር ጥናት ነው። መጽሔቱ እሱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነበት፣ በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመው የኤኮኖሜትሪክ ማኅበር ልሳን ነበር። የጥናቱ ነገር እንዲህ ነው። አንድ ገበሬ አንዱ ቁና ስንዴ 1 ዶላር ሲያወጣ 1000 ዶላር ተበደረ እንበል፤ ዕዳው 1000 ቁና ስንዴ ነው። ዋጋው በግማሽ ቢወርድ በውሉ ላይ ያለው ቁጥር ያው 1000 ሆኖ ሳለ ዕዳው 2000 ቁና ሆነ። አሁን ገበሬው ደንግጦ ያለውን ሁሉ ሊሸጥ ይወጣል፤ ጎረቤቱም እንዲሁ፤ ባለ ሱቁም እንዲሁ። ሁሉም ሲሸጥ ዋጋ ይብሳል። የባንክ ብድር ሲመለስ ደግሞ በባንክ ያለው ተቀማጭ ገንዘብ ይከስማል፤ ገንዘብ ሲያንስ ዋጋ እንደገና ይወርዳል። ስለዚህ ሁሉም ዕዳውን ለመክፈል ሲጣደፍ የቀረው ዕዳ ይከብዳል። አንድ ሰው ዕዳውን ቢከፍል ይገላገላል፤ አገር በሙሉ ባንድ ጊዜ ልክፈል ቢል ግን ጭቃ ውስጥ እንደገባ ጋሪ ይሆናል። ፊሸር እንዳሰላው እስከ 1933 ዓ.ም. መጋቢት ድረስ የአሜሪካ ሕዝብ ከዕዳው በመቶ 20 ያህሉን ከፍሎ ወይም ሰርዞ ነበር፤ በዚሁ ጊዜ የዶላሩ የመግዛት ኃይል በመቶ 75 ያህል ስለጨመረ እውነተኛው ዕዳ በመቶ 40 ያህል አድጎ ተገኘ።

መድኃኒቱንም አብሮ ጻፈ። ነገሩ እስኪያልቅለት መጠበቅ አይገባም፤ መንግሥት ዋጋን ዕዳው በተገባበት ጊዜ ወደነበረበት ከፍታ መልሶ በዚያ ያርጋው አለ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን በደብዳቤ አልለቀቃቸውም። ሩዝቬልት ዶላርን ከወርቅ አላቀው በ1934 ዓ.ም. ጥር ወር የአንዱን ወቄት ወርቅ ዋጋ ከ20 ዶላር ከ67 ሳንቲም ወደ 35 ዶላር ሲያወጡት ፊሸር እጅግ ደስ አለው፤ የሰሙት እሱን ብቻ ባይሆንም። ስዊድንም በ1931 ዓ.ም. ከወርቅ ስትወጣ የገንዘቧ ዓላማ የአገር ውስጥ ዋጋን ማርጋት መሆኑን ማወጇን ለሐሳቡ ምስክር አድርጎ ጠቅሶታል። በ1935 ዓ.ም. ደግሞ ባንኮች ለሚያንቀሳቅሱት ተቀማጭ ሁሉ ሙሉ ገንዘብ ይያዙ፣ ገንዘብን እየፈጠሩና እያጠፉ አገር እንዳያናውጡ የሚል መጽሐፍ አወጣ። ይህም አልተቀበሉትም።

በዚያው ዓመት በ68 ዕድሜው ከዬል በጡረታ ወጣ። ለብዙ ዓመታት ከዘመቻው የተነሣ የሚያስተምረው ጥቂት ስለነበር ትምህርቱን የሚይዙለት ደቀ መዛሙርት አልነበሩትም። እንግሊዛዊው ኬንስ በ1936 ዓ.ም. ታላቁን መጽሐፋቸውን ሲያወጡ ወጣቱ ሁሉ ወደዚያ ዞረ። የጫጉላ ስጦታ የነበረውን ቤት መያዝ ስላልቻለ ዬል ገዝቶ መልሶ አከራየው። በራሱ ቤት የኪራይ ነዋሪ ሆነ ማለት ነው፤ ኋላም ትቶት ወጣ። ማርጋሬት በ1940 ዓ.ም. ሞተች። እሱ ግን እስከ መጨረሻው አዲስ ነገር ከመፍጠርና ደብዳቤ ከመጻፍ አላረፈም፤ ሀብቱንም እንደገና እመልሳለሁ የሚል ተስፋ አልተለየውም። በ1947 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር በኒው ዮርክ በነቀርሳ በሽታ ሞተ።

የ1933ቱ ጥናት ለረዥም ጊዜ የሚያነበው ጥቂት ነበር። ሚልተን ፍሪድማንና አና ሽዋርትዝ በ1963 ዓ.ም. ባወጡት ታሪክ በዚያ ውድቀት ጊዜ የአሜሪካ ገንዘብ በአንድ ሦስተኛ ያህል መቀነሱን በቁጥር አሳዩ። ኋላም ሃይማን ሚንስኪና ቤን በርናንኪ የዕዳውን ነገር ከፊሸር ተነሥተው መረመሩት። በ2008 ዓ.ም. የአሜሪካ ባንኮች ሲናጉ በርናንኪ የፌዴራል ሪዘርቭ ሊቀመንበር ነበሩ፤ ያን ጊዜ ጽሑፉ ከመደርደሪያ ወርዶ እንደ አዲስ ተነበበ። ዋጋን ማርጋት የማዕከላዊ ባንክ ተቀዳሚ ሥራ ነው የሚለው ክርክሩም ከ1990 ዓ.ም. በኋላ በኒው ዚላንድ ጀምሮ በብዙ አገር ደንብ ሆኗል።

ካሮላይን ሃዛርድ ከእሱ ሁለት ዓመት ቀድማ በ1945 ዓ.ም. ሞተች። ያበደረችው ገንዘብ አልተመለሰላትም።